በሩ ሲዘጋ ብረቱን የሚያቀልጠው ማን ነው?

ርእሰ አንቀጽ

በመሰላ ገበያ ዳር ተቀምጦ ወናፉን የሚያስነፋውን ቀጥቃጭ ያላየ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ከተሰበረ የመኪና ባሌስትራ ላይ ቆርጦ፣ በከሰል አግሎ፣ በመዶሻ አቅጥኖ፣ የዶንጎራ ጫፍ ያወጣል። የምዕራብ ሐረርጌ ገበሬ ዳገቱን የሚገምሰው፣ ማሽላውን የሚዘራው፣ የጫቱን እርከን የሚያበጀው በዚያ ብረት ነው። እኛ ግን ከጭሮ ወደየቤታችን ስንመለስ በአጠገቡ እናልፋለን እንጂ ቆመን አንጠይቀውም። ብረቱን በስንት ጊዜ እንደሚያጠጣው፣ የትኛው ብረት እንደሚሰበርና የትኛው እንደሚጎብጥ በምን እንደሚያውቅ ጠይቆ በደብተሩ የጻፈ ተማሪ ቢኖር ስሙን በዚህ ጋዜጣ ላይ በደስታ እናወጣዋለን።

ስለ መሣሪያ ፋብሪካ ለመናገር ተነሥተን በቀጥቃጭ መጀመራችን አንባቢን ያስገርም ይሆናል። ምክንያታችን ወደ ኋላ ይገለጣል።

በ2017 ዓ.ም. ስካይዊን የተባለው የድሮን ፋብሪካ በተመረቀ ጊዜ በማደሪያ ቤታችን የተነሣው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። አንደኛው ወገን «ዳቦ ያልጠገበ ሕዝብ መሣሪያ ልሥራ ማለቱ ከንቱ ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን «መሣሪያውን ከሰው የሚለምን አገር ነጻነቱንም ከሰው ይለምናል» ይላል። ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው፤ ሁለቱም ግን ከክርክሩ ሥር ያለውን ጥያቄ አልነኩትም። በእኛ አስተያየት ዋናው ጥያቄ «እንሥራ ወይስ አንሥራ» አይደለም። ዋናው ጥያቄ የመሥራቱ እውቀት በማን እጅ ይቀመጣል፣ ፋብሪካውስ ለማን መልስ ይሰጣል የሚለው ነው። ይህንንም ከገዛ ታሪካችን ለማሳየት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ዐፄ ቴዎድሮስን እናስታውስ። ባሕር የሌለው፣ ዙሪያውን በጠላት የተከበበ ንጉሥ በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ደብዳቤ ጻፈ፤ መልስ ግን አላገኘም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል፤ የእንግሊዝ ቆንሲልና ሌሎች አውሮፓውያን ታሰሩ። ንጉሡ ባለሙያና የፋብሪካ መሣሪያ እንዲላክለት መልእክተኛ ወደ እንግሊዝ ላከ። ባለሙያዎቹና ዕቃው እስከ ምጽዋ ድረስ መጥተው እስረኞቹ ካልተፈቱ አያልፉም ተብለው እዚያው ቀሩ። ስለዚህ ቴዎድሮስ ተስፋውን የጣለው በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት ነበር። በጋፋት የተቀመጡት ከባዝል አጠገብ ከሚገኝ የወንጌላውያን ማሠልጠኛ የመጡ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። «መድፍ መሥራት አናውቅም» ቢሉም ንጉሡ አልተቀበላቸውም። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ፤ በመጨረሻ ግን ቀለጠ፤ ፈሰሰ፤ ሴባስቶፖል የተባለው 7 ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ ተወለደ።

ያ መድፍ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት ሲጎተት ወራት ፈጀ። ገደሉ እየተናደ፣ መንገድ እየተጠረገ፣ ንጉሡ ራሱ ድንጋይ እያነሣ ተጓዘ። ነገር ግን ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ የእንግሊዝ ወታደር ከኋላ የሚጎርስ አዲስ ጠመንጃ ይዞ ቆመ። በዚያ ቀን ከኢትዮጵያውያን 700 ያህል ሰው ወደቀ፤ ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት ከቁስላቸው ያልዳኑ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሡ በገዛ ሽጉጡ ሞተ። ጋፋትም ከንጉሡ ጋር አብሮ ሞተ። ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ተጋድሟል፤ ልጅም፣ የልጅ ልጅም የሌለው መድፍ።

ቴዎድሮስን ለመንቀፍ አይደለም ይህን የምንጽፈው። ዘመናዊ መሣሪያ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ተአምር ሳይሆን በሰው እጅ የሚሠራ ነገር መሆኑን ከሁሉ በፊት የተረዳ እርሱ ነው። ነገር ግን ሥራው በተያዙ የውጭ ሰዎች እጅ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። የገዛ አገሩ ቀጥቃጭ በዚያው ዘመን «ቡዳ» እየተባለ ከመንደር ዳር ይኖር ነበር። ንጉሥ መድፍ ይወዳል፤ ሕዝቡ ብረት የሚሠራውን ይጸየፋል፤ በዚህ መካከል እንዴት ያለ ፋብሪካ ሊበቅል ይችላል?

ዐፄ ምኒልክ ሌላ መንገድ መረጡ፤ ይኸውም መግዛት ነው። በ1882 ዓ.ም. ብራስልስ ላይ የተፈረመው ውል ዘመናዊ ጠመንጃ ወደ አብዛኛው አፍሪካ እንዳይገባ ከለከለ። ምኒልክ ግን በፈረንሳይ፣ በኢጣልያና በሩስያ መካከል የነበረውን ፉክክር አጥብቀው ተጠቀሙበት። ከኦቦክና ከታጁራ ወደብ የሚነሣው የግመል ነጋዴ ጠመንጃውን እያመላለሰ አገባው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ሳይቀር 2000 ያህል ጠመንጃ ለምኒልክ አምጥቶ ሸጦ፣ በ1879 ዓ.ም. ሲመለስ የኢቱን አገርና የጨርጨርን ደጋ አቋርጦ ሐረር ገብቷል። በዚያው ዓመት በጨለንቆ የሐረር አሚር ጦር የተሸነፈው በዚህ ዓይነት መሣሪያ ብዛት መሆኑን የአገራችን ሽማግሌዎች አይረሱትም፤ እኛም አንደብቀውም። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ኢጣልያን ያዋረደውም ያው በግዢ የመጣ ጠመንጃ ነው። አንዱ ጠመንጃ በአንዱ ቦታ ነጻ አውጪ፣ በሌላው ቦታ አስገባሪ ሆነ። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልን፤ ወደ ፊት እንመለስበታለን።

ምኒልክ ግን አንድ ነገር ተረድተው ነበር። በጥር 1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሸምነውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን ሁሉ የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዘዙ። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን አልቀረም። ዛሬም በየገበያችን «ቱምቱ» የሚለው ቃል እንደ ሙያ ስም ሳይሆን እንደ ነቀፋ የሚነገርበት ጊዜ አለ።

አሁን ወደ ገዛ ከተማችን እንምጣ። አሰበ ተፈሪ በ1910ዎቹ ዓ.ም. አርአያ ከተማ እንድትሆን ተለክታ የተቆረቆረችው በፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነው። ብዙዎቻችን ይህን ሰው የምናውቀው በቴያትር ጸሐፊነቱና በ1923ቱ ሕገ መንግሥት አርቃቂነቱ ነው። ተክለ ሐዋርያት ግን ከዓድዋ በኋላ በልጅነቱ ሩስያ ሄዶ በሴንት ፒተርስበርግ የመድፈኛ ትምህርት የተማረ ሰው ነው። ማለትም ከተማችንን የቆረቆረው የመድፍ ተማሪ ነው። በመስከረም 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆሞ ስለ ኢትዮጵያ የተከራከረውም እርሱ ነው። መድፍ እንዴት እንደሚሠራና እንዴት እንደሚተኮስ የሚያውቅ ሰው፣ መድፍ የሌለው አገሩን በቃል ብቻ እንዲከላከል ተላከ። ከዚህ የበለጠ መራራ ነገር አለን?

በጊዜው የሆነው እንዲህ ነው። በነሐሴ 1922 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ ከኢትዮጵያ ጋር በተፈራረሙት ውል ንጉሠ ነገሥቱ ለአገራቸው መከላከያ የሚያስፈልጋቸውን መሣሪያ የመግዛት መብት ተሰጣቸው። ነገር ግን ጦርነቱ ሲቃረብ፣ በ1927 ዓ.ም. ክረምት፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ «ለሁለቱም ወገን አንሸጥም» ብለው ከለከሉ። አሜሪካም የገለልተኝነት ሕግ አወጣች። በወረቀት ላይ ሲታይ ፍርዱ እኩል ነበር፤ ለኢጣልያም ለኢትዮጵያም አይሸጥም። ነገር ግን ኢጣልያ አውሮፕላኑንም፣ ታንኩንም፣ መርዙንም የምትሠራው በገዛ ፋብሪካዋ ነበር፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ጥይቱን ሳይቀር ከውጭ ታመጣ ነበር። ምግብ ላለውና ለሌለው ሰው እኩል ጾም ማወጅ ማለት ይህ ነው።

ጦርነቱ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተጀመረ ከሳምንት በኋላ በኢትዮጵያ ላይ የተጣለው ክልከላ ተነሣ። ነገር ግን ጊዜው አልፎ ነበር፤ መንገዱም አንድ ብቻ ነበር። እርሱም ከጅቡቲ ተነሥቶ በሚኤሶና በአሰቦት በኩል የሚያልፈው የፈረንሳዮች ባቡር ነው። ባቡሩ 1909 ዓ.ም. ላይ አዲስ አበባ ደርሶ ነበር፤ ቁልፉ ግን በእኛ እጅ አልነበረም፤ ፈረንሳዮች የመሣሪያውን ማለፍ ሲያጓትቱት ዝም ብሎ ከማየት በቀር የሚደረግ አልነበረም። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ሐዲድ ላይ ወደ ጅቡቲ ወጡ። መሣሪያ ሊያመጣ ይገባው የነበረው ባቡር ስደተኛ ይዞ በቆላችን አለፈ።

ይህ የአንድ ዘመን ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍነው ነበር። በ1969 ዓ.ም. አሜሪካ ለኢትዮጵያ ስትሰጠው የኖረውን የጦር እርዳታ አቋረጠች፤ የሶማሊያ ጦር ገፍቶ ጅጅጋን ያዘ፤ ድሬዳዋና ሐረር ተከበቡ፤ የባቡሩ ሐዲድ ተቆረጠ። የዚያን ጊዜ የሐረርጌ ሕዝብ የከፈለውን መከራ ወላጆቻችን ይመሰክራሉ። ደርግ ያደረገው አንድን ሻጭ በሌላ ሻጭ መለወጥ ነው፤ የሶቪየት አውሮፕላኖች መሣሪያ ጭነው መጡ፤ ቢሊዮን ዶላሮች የሚቆጠር ዕዳም አብሮ መጣ። በግንቦት 1992 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት በኢትዮጵያና በኤርትራ ላይ የመሣሪያ ማዕቀብ ጣለ። በሩ ሦስት ጊዜ ተዘጋ፤ ሦስት ጊዜም ከውጭ ሆነን አንኳኳን። «በሰው ወርቅ አይደምቁ» የሚለው የአባቶች ተረት ለመሣሪያም ይሠራል።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ለሁለተኛው ወገን፣ «ራሳችን እንሥራ» ለሚለው፣ የሚመች ይመስላል። አሁን ግን በሩ ተዘግቶበት ራሱ የሠራውን አገር እንይ። የደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ መንግሥት ከእ.ኤ.አ. 1963 ጀምሮ የመሣሪያ ማዕቀብ ይደረግበት ጀመር፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ማዕቀቡ የማያወላዳ ግዴታ ሆነ። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1968 አርምስኮር የተባለ የመንግሥት ድርጅት አቋቁሞ ነበርና ጠመንጃውንም፣ የብረት ለበስ መኪናውንም፣ ጂ-5 የተባለውን ባለ 155 ሚሊ ሜትር መድፍም ሠራ። ስድስት የአቶሚክ ቦምብም ሠርቶ ኋላ ራሱ ሰባበራቸው። ለመሆኑ ይህ ሁሉ ጥበብ ማንን ጠበቀ? ካስፒር የተባለው የብረት ለበስ መኪና በጥቁሮች ሰፈር ጎዳናዎች እየተሽከረከረ ሕፃናትን አሳደደ። ያ መንግሥት በፋብሪካው አልተረፈም፤ የገዛ ሕዝቡ ጣለው። ደግሞም «በራሴ ሠራሁት» ያለው መድፍ ንድፉ የካናዳዊ መሐንዲስ ነበር። ስለዚህ የተዘጋ በር ፋብሪካ ሊወልድ ይችላል፤ ፍትሕን ግን አይወልድም። ከጨለንቆና ከዓድዋ ያነሣነው ነጥብም ይኸው ነው፤ ብረቱ ለማን እንደሚተኮስ ራሱ አያውቅም።

ወደ አገራችን ፋብሪካዎች እንመለስ። በደርግ ዘመን መጨረሻ ገደማ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እርዳታ የጠመንጃና የጥይት ፋብሪካዎች ተቋቋሙ። የጠመንጃው ፋብሪካ ጋፋት ተባለ፤ የቴዎድሮስን ሥራ ቤት ስም ወረሰ። በአምቦ አካባቢ ያለው የጥይት ፋብሪካ ሆሚቾ ይባላል። ስሙን ብቻ ሳይሆን የጋፋትን በሽታም ወርሰን እንደሆነ መጠየቅ ይገባናል። እ.ኤ.አ. በ2006 የተባበሩት መንግሥታት ሰሜን ኮሪያ መሣሪያ እንዳትሸጥ ከለከለ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ግን ኢትዮጵያ ከዚያችው አገር የጦር ዕቃ ጭና አስመጣች። እኛ ያልተጣለብን ማዕቀብ ሳይቀር እኛን አስጨነቀን ማለት ነው። ፋብሪካው በአገር ውስጥ ቢሆንም መለዋወጫው፣ ጥሬ ዕቃውና ንድፉ በሌላ አገር ካለ፣ ቁልፉ አሁንም በሌላ ሰው ኪስ ነው።

በ2002 ዓ.ም. እነዚህ ፋብሪካዎች ከሌሎች ጋር ተጠቃለው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ በአጭሩ ሜቴክ፣ ተመሠረተ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ታንክ የሚጠግን እጅ ትራክተርም፣ የስኳር ፋብሪካም፣ የግድብ ተርባይንም ይሥራ ተባለ። በዚህ ተስፋ ስንት ወጣት መሐንዲስ ተቀጠረ! ነገር ግን «የመከላከያ ጉዳይ ነው» የሚለው ቃል የሒሳብ መዝገቡን ሁሉ ሸፈነው። የስኳር ፋብሪካዎቹ ዘገዩ፤ የታላቁ ግድብ የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ከእጁ ተወሰደ፤ በኅዳር 2011 ዓ.ም. ደግሞ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ 37 ቢሊዮን ብር ያህል የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ ተፈጽሟል ብሎ ለሕዝብ ገለጸ። ከዚያ በኋላ ድርጅቱ የጦሩና የንግዱ ክፍል ተለያይቶ ተከፈለ። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ መወሰን የፍርድ ቤት ሥራ ነው። ከእኛ የሚጠበቀው ግን ትምህርቱን መውሰድ ነው፤ በምስጢር ግድግዳ ውስጥ የሚቀልጠው ብረት ብቻ አይደለም፤ ገንዘብም አብሮ ይቀልጣል።

ምስጢር የሚያስፈልግበት ቦታ የለም አንልም። የአንድ መድፍ ንድፍ ለጠላት ይገለጥ የሚል ጤነኛ ሰው የለም። ነገር ግን ንድፍ ሌላ ነው፤ ሒሳብ ሌላ ነው። ስንት ብር ወጣ፣ ስንት ዕቃ ተሠራ፣ ስንት ሰው ሠለጠነ የሚለውን የሕዝብ እንደራሴዎች ማወቅ ካልቻሉ ፋብሪካው የሕዝብ ነው የሚባለው በምን ሚዛን ነው?

ከዚህም የሚከብደው ጉዳይ አለ። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ አገራችን በተደረገው ጦርነት በሁለቱም ወገን የወደቀው የኢትዮጵያ ልጅ ነው። ከእኛ ክፍል ውስጥ ወንድሙን ያጣ አለ፤ ከመምህሮቻችን መካከል ቤተ ሰቡን ለወራት በስልክ ሳያገኝ የቆየ አለ። እንግዲህ «በራሳችን ጥይት» ብለን የምንኮራው ጥይቱ የሚያርፍበትን ቦታ ሳናይ ከሆነ፣ ኩራታችን የአፓርታይድ መሐንዲሶች ኩራት ይሆናል። መሣሪያ ለመሥራት የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ጥበብ የብረት ጥበብ አይደለም፤ ወንድምን ከጠላት የመለየት ጥበብ ነው።

ስለዚህ ለሁለቱም ወገን ተከራካሪዎች በአክብሮት እንዲህ እንላለን። «ዳቦ ይቅደም» ለምትሉ፦ ልክ ናችሁ፤ ነገር ግን ዶንጎራውን የሚሠራውና የመድፉን አፈ ሙዝ የሚቦረቡረው እውቀት ሥሩ አንድ ነው፤ ብረት ማቅለጥ፣ መለካት፣ ማጠጣት ነው። የመጀመሪያውን ያልቻለ አገር ሁለተኛውን በውሰት ብቻ ይሠራል። «መሣሪያ እንሥራ» ለምትሉም፦ ልክ ናችሁ፤ ነገር ግን ከላይ የሚተከል ፋብሪካ እንደ ሴባስቶፖል ነው፤ ትልቅ ነው፤ ብቻውን ነው፤ ከጌታው ጋር ይሞታል። ከታች፣ ከገበያው ቀጥቃጭ፣ ከሙያ ትምህርት ቤቱ፣ ከዩኒቨርሲቲው ሥራ ቤት የሚበቅል እውቀት ግን በሩ ቢዘጋም አይሞትም።

ከዚህ ተነሥተን ሦስት ነገር እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ የኅብረታችን ጽሕፈት ቤት ከመምህራን ጋር ተነጋግሮ የዩኒቨርሲቲያችን ሥራ ቤት በሳምንት አንድ ቀን ለጭሮ፣ ለመሰላ፣ ለበዴሳና ለገለምሶ ቀጥቃጮች እንዲከፈት ያድርግ። እነርሱ የእጃቸውን ጥበብ ያሳዩን፤ እኛ መለኪያውንና ስሌቱን እናሳያቸው። ማን ከማን የበለጠ እንደሚማር ያን ጊዜ ይታያል።

ሁለተኛ፣ የምሕንድስና ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ከኢንተርኔት ከሚቀዱ ይልቅ በአካባቢያችን ከሚሰበር ዕቃ ላይ ይጀምሩ። የወፍጮው ጥርስ ለምን ቶሎ ያልቃል? የውሃ መሳቢያው ፓምፕ ለምን በዓመቱ ይቆማል? ይህን የመለሰ ተማሪ የትኛውንም ፋብሪካ ሳያፍር ሊገባ ይችላል።

ሦስተኛ፣ እንደ ዜጎች፣ የመከላከያ ኢንዱስትሪው የሒሳብ ምርመራ በየዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲቀርብና ለሕዝብ ሊገለጥ የሚችለው ሁሉ እንዲገለጥ ድምፃችንን እናሰማ። ይህን መጠየቅ አገርን መክዳት አይደለም፤ ዳግመኛ እንዳትከዳ መጠበቅ ነው።

በመምህራን ዘንድ «ተማሪ ይህን ምን አገባው» የሚል ቢኖር፣ መልሳችን አጭር ነው። የከተማችን ቆርቋሪ በወጣትነቱ የመድፍ ትምህርት ተምሮ ሲመለስ ያገኘው መድፍ የሚሠራ ሥራ ቤት ሳይሆን የሚሰደብ ቀጥቃጭ ነበር። የተማረው እውቀት የሚያርፍበት መሬት አጣ። እኛም ዛሬ እንደ እርሱ ተምረን እንመረቃለን። መሬቱን ካላዘጋጀነው፣ የእኛም እውቀት ወይ ይሰደዳል፣ ወይ በጄኔቭ አዳራሽ አቤት ሲል ይኖራል።

እንግዲህ በሚቀጥለው የገበያ ቀን መሰላ የምትሄድ ወንድማችን፣ እኅታችን ሆይ፤ ወናፉ አጠገብ ስትደርሱ አትለፉ። ሰላምታ ስጡ፤ ቁጭ በሉ፤ ጠይቁ። የሚቀጥለው በር መቼ እንደሚዘጋ ማንም አያውቅም፤ በተዘጋ ጊዜ ግን ብረቱን ማቅለጥ የሚችለው ሰው ዛሬ እዚያ ተቀምጦ ዶንጎራ እየሳለ ነው።